በእትዬ አበበች ገንዳ ወደ አማቶቼ ቤት

ሐይቅ በሌለበት አገር ስለ ሐይቅ አብዝቶ ማውራት ጥሩ አይደለም። ይህን ስል ምክር የምሰጥ እንዳይመስላችሁ። ለምክር የምበቃ ሰው ብሆን ኖሮ ዛሬ ብቻዬን ተቀምጬ ይህን አልጽፍም ነበር፤ ቤቴ ገብቼ ከአስቴር ጋር እራቴን እበላ ነበር።

የመጣሁት ከባሕር ዳር ነው። ትምህርቴን እንደጨረስኩ ዕጣ አወጣንና ለእኔ ቦንጋ ደረሰኝ። እናቴ "ቦንጋ ደግሞ የት ነው?" ብትለኝ፣ የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ካርታ አይቼ ነው የነገርኳት። ስደርስ አገሩ ተራራ ነው፣ ጫካ ነው፣ ምንጭ ነው። ዓመቱ ሁለት ወቅት ብቻ ነው ያለው፤ የሚዘንብበትና ሊዘንብ የሚያስብበት። ሐይቅ ግን የለም። ለጥፋቴ የተመቸኝም ይኸው ነው።

ሰው "ከየት ነህ?" ሲለኝ "ከጣና ዳር" እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ከጣና ዳር ነኝ፣ ሕይወቴን ሙሉም ከዳር አልፌ አላውቅም። በልጅነቴ አጎቴ ገዳም ሊያሳየኝ በሞተር ጀልባ ቢያሳፍረኝ ቁርሴን ለሐይቁ አስረክቤ ነው የወረድኩት። ግን ይህን ማን ሊያጣራ ነው? ስለዚህ ታንኳ ከደንገል እንዴት እንደሚሠራ፣ በማዕበል እንዴት እንደምቀዝፍ፣ ጉማሬ ሲመጣብኝ አፍንጫውን በመቅዘፊያ ብዬ እንዴት እንደመለስኩት አወራሁ። በመጀመሪያው ዓመት ጉማሬው አንድ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ከነሚስቱ መምጣት ጀመረ።

ተማሪዎቹ "ቲቸር ጣና" አሉኝ፤ ከእነሱ ከተማው ወሰደው። በትምህርት ቤቱ ግምገማ ላይ ሳይቀር "መምህሩ የጉራ ዝንባሌ ይታይባቸዋል" ተብሎ ሂስ ቀርቦብኛል። ተነሥቼ "ሂሱን ተቀብያለሁ" አልኩ፤ ለሻይ ስንወጣ ጉማሬውን ካቆምኩበት ቀጠልኩ።

አስቴርን ያገኘኋት ዝውውር ስጠይቅ ነው። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበረች። በየሳምንቱ እሄድና "ዝውውሬ መጣ ወይ?" እላታለሁ፤ ከታይፑ ላይ ቀና ብላ "አልመጣም፣ ቲቸር" ትለኛለች። የዚህች ልጅ "አልመጣም" ከሌላ ሰው "መጣልህ" ይጥም ነበር። ቆየት ብዬ ጥያቄውን ሁሉ ተውኩት፤ ዝም ብዬ መሄድ ብቻ ቀረ። አንድ ቀን እሷው "ዝውውርህ አሁንም አልመጣም እኮ" ብትለኝ "አይቸኩል" አልኳት። በሕይወቴ አይቸኩል ያልኩት ነገር ያ ብቻ ነው።

"ታንኳ ላይ አስቀምጬ ጣናን አሳይሻለሁ" አልኳት አንዴ።

"እኔ ውሃ እፈራለሁ። አንተ ቅዘፍ፣ እኔ ዳር ቆሜ አይሃለሁ።"

እፎይ አልኩ። እንዲህ የምትመቸኝ ሴት የት አገኛለሁ ብዬ ሽማግሌ ለመላክ ቆረጥኩ።

ሽምግልና ሕግ አለው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። የልጅቷ አባት ቤት ሲደርሱ "ተቀመጡ" ቢባሉም "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ይቆማሉ። አባትየው "ይቆየን" ካለ ከዘራን አንሥቶ መሄድ ነው። ቃሉን ሰምቶ ካስቀመጣቸው፣ አስቀምጦም ካቀመሳቸው ግን ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠያቂው ልጅ በዚያ ቀን በዚያ ሰፈር ዝር አይልም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን እየበላ ይጠብቃል እንጂ።

ሽማግሌዎቼ ዳይሬክተራችን፣ የቤተ መጻሕፍቱ ጋሽ በላይና አከራዬ አባባ ተሰማ ነበሩ። ሁለቱ እንደኔው ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። አባባ ተሰማ ግን የአገሩ ሰው፣ ከአስቴር አባት ከጋሽ ኮችቶ ጋር በወጣትነታቸው አብረው ዛፍ ላይ ቀፎ የሰቀሉ፣ ነገሩን በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ አዋዝተው የሚያቀርቡ እሳቸው ናቸው። ያለ እሳቸው ሁለቱ ምን ሊሉ ነው? ዳይሬክተሩ ሲናገሩ የወላጆች ስብሰባ ይመስላል፤ ጋሽ በላይ ደግሞ ከ"ዝም በሉ፣ ቤተ መጻሕፍት ነው" በቀር ሌላ ንግግር ለምደው አያውቁም።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ዋጫ ከምትባል ከጎረቤት ከተማ አንድ የቡና ነጋዴ በማግስቱ እሑድ ሽማግሌ ይልካል የሚል ወሬ ስለሰማሁ ዛሬውኑ ማለቅ አለበት ብዬ አጣደፍኳቸው። ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰው ከቤት ወጡ። ጥቂት እንደሄዱ ይቺ የማታርፍ አፌ "አባባ! ዣንጥላዎን ረሱ! ይዘንባል!" ብላ ጮኸች።

አባባ ተሰማ ተመለሱ። ሁለቱ "እኛ ቀስ እያልን እንቀድማለን" ብለው ሄዱ። ዣንጥላው ከበሩ ኋላ እያለ እኛ አልጋ ሥር ስንፈልግ ዝናቡ ወረደ። ምን ልበላችሁ፣ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚደፉብን መሰለኝ። አባራ ሲል እሳቸውን ይዤ ወደ ጅረቱ ወረድኩ፤ እስከዚያ ድረስ ብቻ ልሸኛቸው ነው።

ይህ ሰፈሩን ለሁለት የሚከፍል ጅረት በበጋ ዶሮ ከነጫጩቶቿ የምትሻገረው ነው። ያን ቀን ግን ከላይ ከጫካው ሲዘንብ አድሮ፣ አሁን ደግሞ የከተማውን ቦይ ሁሉ ተቀብሎ፣ ቡናማ ሆኖ እያጓራ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች የተሻገሩበትን የግንድ ድልድይ ጎርፉ ወስዶታል። ከወዲህ ማዶ የቀረነው አባባ ተሰማ፣ ዣንጥላውና እኔ ነን።

አባባ ተሰማ ውሃውን አዩት፣ ሰማዩን አዩት። "እንጠብቅ ቲቸር" አሉ። "የኛ ውሃ እንግዳ ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል። እትዬ አበበች ቤት አንድ ብርሌ ጠጅ እስክንጠጣ ይጎድላል።"

ይህን ምክር ብሰማ ምን ነበረበት! ያኔ ሞባይል እኛ ዘንድ አልገባ፣ ማዶ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚነግረኝ የለ። በዓይነ ሕሊናዬ ዳይሬክተሩ "የተማሪ ማርፈድን በተመለከተ" ብለው ሲጀምሩ፣ ጋሽ ኮችቶ "ይቆየን" ሲሉ፣ የዋጫው ነጋዴ በማግስቱ በሙክትና በማር ሲገባ አየሁ። ደግሞ ጎርፍ ሊያይ የወጣው የሰፈር ሰው ዳር ዳሩን ቆሟል። አንዱ "ምን ያስጠብቃል? ቲቸር ጣና እያለ!" አለ። ሌላው ተቀበለው፤ "ጉማሬ የመለሰ ሰው ይቺ ቦይ ታቅተዋለች?"

አባባ ተሰማ ዞረው አዩኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ በረንዳቸው ላይ ጉማሬውን ከነሚስቱ የሰሙ ሰው ናቸው። "ትችላለህ?" አሉኝ።

"ምን ማለትዎ ነው አባባ?" አልኩ። ከጥያቄ በጥያቄ ማምለጤ ነበር፤ እሳቸው ግን "አዎ" ያልኩ መሰላቸው። አይፈረድባቸውም።

ከእትዬ አበበች ጠጅ ቤት ጓሮ አንድ ትልቅ የዋንዛ ገንዳ ነበር። ገንዳ ማለት ላም ውሃ እንድትጠጣበት የተቦረቦረ ግንድ ነው። ላሟ ከውጭ፣ ውሃው ከውስጥ እንዲሆን የታሰበ ነው፤ እኛ ከውስጥ፣ ውሃው ከውጭ ሊሆን ነው። ወጣቶቹ እየሳቁ ተሸክመው አወጡት። እትዬ አበበች ነጠላቸውን አደግድገው መጡና "ቲቸር፣ ገንዳዬን እንዳትሰብር! ላሜ በምን ትጠጣለች?" አሉኝ። ስለ አባባ ተሰማ ያሳሰበው ሰው አልነበረም። አንድ ደግ ሰው "በገመድ እንያዛችሁ" ቢል "ጣና ላይ ገመድ የሚባል ነገር አናውቅም" አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ። እስካሁን ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። አባባን ማዶ አራግፋለሁ፣ ማንም ሳያየኝ እመለሳለሁ፣ ቤቴ ገብቼ ጥፍሬን እበላለሁ። አባባ ተሰማ ከፊት ተቀመጡ፣ ዣንጥላቸውን እንደ ጦር ይዘው። እኔ ከኋላ ሆኜ አካፋ ያዝኩ፤ መቅዘፊያ መሆኑ ነው። ወጣቶቹ "በስመ አብ" ብለው ገፉን።

ገንዳው መጀመሪያ ዞረ። እኔ ፊት ሆንኩ፣ አባባ ኋላ። ከዚያ እንደገና ዞረ። በአካፋዬ ውሃውን ብጨልፍ ውሃው ወደ ራሴው ገባ። ወደ ማዶ መሄድ የሚባለው ነገር እዚያው አበቃ፤ ጅረቱ ወደሚሄድበት መሄድ ብቻ ሆነ። ከኋላችን የእትዬ አበበች "ገንዳዬን! ገንዳዬን!" እየራቀ ሄደ።

ሕዝቡ ዳር ዳሩን እየሮጠ ይመክረኛል። መቼም አገራችን ምክር አይጠፋባትም። "በግራ!" ይላል አንዱ፤ "ኧረ በቀኝ ነው!" ይላል ሌላው፤ አንዲት ሴትዮ "ውረድ! ውረድ!" ይሉኛል፣ ወዴት እንደምወርድ ሳይነግሩኝ። ከጎናችን አንድ ቢጫ ጀሪካን አብሮን ይወርዳል፤ እሱ ከእኛ ይልቅ መንገዱን የሚያውቅ ይመስል ነበር። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ አንድ ፖሊስ ፊሽካውን ነፍቶ "ቁም! ቁም ብዬሃለሁ!" አለኝ። ለመቆም ከእኔ የበለጠ የጓጓ ሰው በዚያች ከተማ አልነበረም።

ከወፍጮ ቤቱ በታች ድንጋይ ይበዛል። ገንዳው አንዱን ገጭቶ ዘለለ፣ ሌላውን ታክኮ አለፈ። ያ የልጅነት ቁርሴ ታወሰኝ። አባባ ተሰማ ግን አልጮሁም። ሳይዞሩ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

"ቲቸር፣ ጣና እንዲህ ነው?"

"አይ አባባ፣ ጣና ይተኛል።"

"እና ይኼን ያልተኛውን በምን ታውቀዋለህ?"

ሞት ፊት ይዋሻል እንዴ? "አባባ፣ ታንኳ ላይ ወጥቼ አላውቅም" አልኩ።

"አሁን ነው የምትነግረኝ?"

"አሁን ነው የጠየቁኝ።"

አንድ ድንጋይ አለፍን። "ጉማሬውስ?"

"ጉማሬውም ውሸት ነው።"

"ከነሚስቱ?" አሉ አባባ ተሰማ፣ በጣም አዝነው።

እዚያ ላይ ዝናቡ ተመለሰ። አባባ ዣንጥላቸውን ሊከፍቱ ሲሉ "ኧረ በእግዚአብሔር አይክፈቱት!" አልኳቸው። "በስብሼ ለሽምግልና አልቀርብም" አሉና ከፈቱት። ነፋሱ ከኋላችን ነበር። እስከዚያ የወረድነው በጎርፉ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በጎርፍም በነፋስም ሆነ። ቢጫውን ጀሪካን ጥለነው ሄድን።

የጋሽ ኮችቶ ግቢ ጅረቱ በሚታጠፍበት ላይ ነው። እንኳን ሌላ ቀን፣ በዚያ ቀን ጥላዬ እንኳ መታየት የሌለበት ግቢ። ጎርፉ መታጠፉ አልሆንለት ብሎ ወደ ጓሯቸው ገብቷል፤ እኛንም ይዞን ገባ። እንሰቱ መሐል ስንገባ ሰፋፊ ቅጠሎቹ ፊቴን እየጠረጉት ገላለጡልኝና የቤቱ በረንዳ ወለል ብሎ ታየኝ።

ሽማግሌዎቼ ተቀምጠዋል። ዳይሬክተራችን ቆጮ በማር አጥቅሰው ወደ አፋቸው እየወሰዱ ነው። ተቀምጠዋል! እየበሉ ነው! ያለ አባባ ተሰማ፣ ያለ ካፊኖኖው፣ እነዚያው ሁለቱ አስጨርሰውልኛል! አስቴር የእኔ ሆናለች! ይህ ደስታ ከእንሰቱ እስከ በረንዳው ያለችውን ርቀት ያህል ቆየልኝ።

ገንዳው የበረንዳውን ቋሚ ገጨ። እኔ በግንባሬ ጭቃው ውስጥ ተደፋሁ። አባባ ተሰማ ላዬ ላይ ተደፉ። ዣንጥላው ብቻውን በርሮ ማሩ ላይ አረፈ።

በኋላ ጋሽ በላይ እንደነገሩኝ፣ ጋሽ ኮችቶ ልጃቸውን ከሰጡ በኋላ "ለመሆኑ ጠባዩ እንዴት ነው?" ብለው ጠይቀው፣ ዳይሬክተሩ "እንደ ኩሬ ውሃ የረጋ ልጅ ነው" ብለው መመለሳቸው ነበር።

ጋሽ ኮችቶ ከበረንዳው ወረዱ። መጀመሪያ አባባ ተሰማን አነሡ፤ ከላያቸው ላይ ቡልኮአቸውን አውልቀው አለበሷቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ይህ ማን ነው?"

ዳይሬክተሩ ቆጮው በእጃቸው እንዳለ ቀረ። "ይሄ… እንግዲህ… ያልንዎት ልጅ ነው።"

"የረጋው?"

"አዎ" አሉ ዳይሬክተሩ። "ዛሬ ብቻ ነው እንዲህ የሆነ።"

ጋሽ በላይ ከልምድ ብዛት ሁላችንንም "ዝም በሉ" አሉ። ዝም ብለን ነበር።

ጋሽ ኮችቶ የወደቁትን እንሰቶች አዩ፣ እየተንቀጠቀጡ ጥርሳቸው የሚጋጨውን የድሮ ጓደኛቸውን አዩ። አባባ ተሰማ እንደዚያ ሆነው እንኳ ሽምግልናቸውን አልተዉም፤ "ኮችቶ፣ ልጁ ክፉ አይደለም። ችኩል ነው" አሉ።

"ክፉ ቢሆን እንመክረው ነበር" አሉ ጋሽ ኮችቶ። "ችኩልን ማን ደርሶበት ይመክረዋል? ዛሬ አንተን ከብት የሚጠጣበት ላይ ጭኖ ጎርፍ ውስጥ ከከተተ፣ ነገ ልጄን በምን ይጭናታል?" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሰጥቼ ነበር" አሉ። "ሰጥቼ ነበር። አሁን ግን ይቆየን።"

ነበር ባይሰበር አሉ። ዳይሬክተሩ ያልበሉትን ቆጮ ቀስ ብለው ወደ ሳህኑ መለሱት። ከዚያ በላይ ያሳፈረኝ ነገር የለም።

ጎርፉ? አባባ ተሰማ እንዳሉት ሆነ። አባባ እሳት ዳር ሞቀው ልብሳቸው ሳይደርቅ ጅረቱ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ዶሮዎች ጭቃውን ሲጭሩበት አየሁ። እኔም አንድ እግሬ ባዶውን ሆኖ ገንዳውን ከጭቃው ሳወጣ አስቴር ከጓዳ ወጣች። የጠፋውን ጫማዬን እንሰቱ ሥር አግኝታው፣ አጥባው ይዛልኛለች። ልትስቅብኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

"አባዬ እሺ ብሎ ነበር እኮ" አለችኝ።

"ሰማሁ።"

"ጎርፉ እስኪጎድልና ሄደው እስኪነግሩህ ድረስ እኔም ጓዳ ሆኜ ስጠብቅ ነበር። እኔ ስጠብቅ አንተ ትንሽ መጠበቅ አቃተህ?"

ጫማዬን ተቀበልኳት። ምን ልበላት? ስለ ጣና ሦስት ዓመት ያወራው አፍ ያወጣው "አመሰግናለሁ" ብቻ ነበር።

ገንዳውን እኔ፣ ዳይሬክተሩና ጋሽ በላይ ተሸክመን በዚያው ጅረት ውስጥ፣ ቁርጭምጭሚት በማይደርስ ውሃ፣ ወደ ላይ ተመለስን። እትዬ አበበች ገንዳቸውን ዞር ዞር ብለው አገላብጠው አዩትና "እግዜር ይመስገን፣ አልተሰበረም" አሉ። በሰሚስተሩ መጨረሻ ግምገማ ላይም ጉዳዩ ተነሣ፤ "ያለ ዕቅድ መንቀሳቀስ" ተብሎ ተመዘገበብኝ። ሂሱን ተቀበልኩ። ያን ጊዜ የምሬን ነበር።

አባባ ተሰማ ይቅርታ አድርገውልኝ በፀሐይ ቀን፣ በእግራቸው፣ ደጋግመው ሄደው ለመኑልኝ። መልሱ ያው "ይቆየን" ነበር። የዋጫው ነጋዴ ሽማግሌዎች በዚያችው እሑድ መጥተው ነበር። እነሱንም ዝናብ ያዛቸው፣ ጅረቱም ሞላባቸው። እኔ የቆምኩበት ቦታ ቆመው፣ እትዬ አበበች ቤት ገብተው አንድ አንድ ብርሌ ጠጥተው፣ ውሃው ሲጎድል ጫማቸው ሳይርስ ተሻገሩ። ያን ቀን የተባሉት "እናስብበት" ነበር። በዓመቱ አስቴርን ወደ ዋጫ ወሰዷት።

ዛሬ በዚያ ጅረት ላይ የሲሚንቶ ድልድይ ተሠርቶበታል፤ የፈለገው ጎርፍ ቢመጣ ሰው ከነዣንጥላው ይሻገራል። እኔ ግን ዝናብ ሲዘንብ ከወዲህ ማዶ፣ እትዬ አበበች በር ላይ ቆሜ ውሃው እስኪጎድል እጠብቃለሁ። የሚያልፈው ሰው "ቲቸር ጣና፣ ድልድይ አለ እኮ!" ይለኛል። አውቃለሁ። መጠበቅንም አሁን በደንብ ተምሬዋለሁ፤ ማዶ የሚጠብቀኝ ሰው ነው የሌለው።